ሰባት ቤት ይቆጠር

«አንቺ ጋራዥ ትሆኛለሽ» ያለችው ጎረቤቴ ፋናዬ ናት። ድምጿን አልስተውም። እሁድ ጠዋት ነው፤ እኔ ከቤቴ ኋላ ካለችው ሚጢጢ በረንዳ ላይ ሻዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ እነሱ ከእንጨቱ አጥር ወዲያ ከቤተ ክርስቲያን በውሰት የመጡትን ተጣጣፊ ወንበሮች በውኃ ቱቦ ያጥባሉ። «ሳሎኑ ለእንግዳ ነው። ወጡን የሚያሞቅ፣ ሳህኑን የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ሃያ አምስት ዓመት ዝም ያልሽ ሰው ዛሬ አንድ ከሰዓት ዝም ማለት ያቅትሻል?» «ዝም ማለት አላቃተኝም፣ እትዬ» አለች ታናሽ እኅቷ ኤልፍነሽ። «ልጄን ሊጠይቁ የሚመጡትን ሰዎች ቁጭ ብዬ ልያቸው ነው ያልኩት።» ፋናዬ ቱቦውን ዘጋችው። «ልጄ አትበይ! ሰው ይሰማል!» ሰውማ ሰምቶ ነበር። ሰውየው እኔ ነኝ። ሻዬን ሳልጨርስ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ወደ ቤት ገባሁ፤ ሌባ ሳልሆን በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ተራመድኩ።

ሰው ወሬ ለቃሚ እንዳይለኝ፤ እዚህ አትላንታ ስማይርና፣ ተያይዘው የተሠሩት የታውንሃውስ ቤቶች ግድግዳ ከካርቶን ትንሽ ነው የሚወፍረው። የፋናዬ ባል ጋሽ ታደገ ጠዋት ሲጸልዩ እኔ ከዚህ ማዶ አሜን ልል ምንም አይቀረኝም፤ እኔ ደግሞ ሳንኮራፋ እሳቸው ይሰማሉ፤ ተቻችለን እንኖራለን። እና እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን የሰማሁት ነገር ከሰማይ አልወረደብኝም። ጎረቤት ከሆንን ቆይተናል። የፋናዬና የታደገ ልጅ የምትባለው ሐምራዊት ስትስቅ የላይኛው ድዷ ብቅ ይላል፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ የሚስቅ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም በዓመት አንዴ ብቻ የምትስቀው ኤልፍነሽ ናት። ደግሞ ኤልፍነሽ ከሥራ ስትገባ፣ በሽተኛ ሲያገላብጥ የዋለ ወገቧን ይዛ፣ የሐምራዊት መኪና ቆሞ ካገኘች ጎንበስ ብላ ጎማውን በአውራ ጣቷ ሳትጫን አታልፍም። ክረምት በጋ አየሩን ታያለች። አክስት የጎማ አየር አያይም። እኔ የስምንት ልጆች አጎት ነኝ፣ የአንዳቸውንም ጎማ አይቼ አላውቅም።

ለነገሩ በዚያ ቀን የዘጠነኛ ልጅ አጎት ልሆን ነበር። ጋሽ ታደገ ሐሙስ ዕለት ከኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ ሹፍርናዬ ስመለስ በር ላይ ጠብቀው፣ ከዳላስ ይመጣል የተባለው የፋናዬ የአክስት ልጅ ከሥራው ፈቃድ አጣ፤ በሴቷ ወገን የሚቀመጥ ሰው ጎደለን፤ እሁድ አንተ ሁንልን አሉኝ። «ማን ልሁን?» አልኳቸው። «የእናትየው ወገን፣ አጎት» አሉኝ። ሱፍ ልብስ እንዳለኝ ጠየቁ፤ አለኝ አልኩ፤ ማርታ ከሚባለው የከተማው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ የቅናሽ ሱቅ በሠላሳ ዶላር የገዛሁት ነው፤ እጅጌው አጠር ይላል። ከዚያ መመሪያ ሰጡኝ። ብዙ አትናገር፤ ሲጸለይ አሜን በል፤ ሽማግሌዎቹ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸውና እመብርሃንን አትጥራ። «እሺ» አልኩ፤ «ለአንድ ከሰዓት እመብርሃንን ቤት ትቻት እመጣለሁ፤ የት ትሄዳለች፣ ግድግዳው ስስ ነው።» አልሳቁም። ጋሽ ታደገ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሳቅ ላይ ብቻ ነው የሚሰስቱት።

ሽምግልናው እንደ ወጉ ነው ይባል እንጂ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ልጁ፣ ኤልቃና፣ ሚድታውን ባለ የሥነ ሕንፃ ቢሮ የሚሠራ ቁመናው የሚያምር ልጅ ነው፤ ፒድሞንት ፓርክ ሳር ላይ ተንበርክኮ ቀለበቱን ሰጥቷል፤ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ እኔ እንኳ አይቼዋለሁ። አዳራሽም ተይዟል፤ የአዳራሹን ዋጋ ፋናዬ ለሚስቴ ስትነግራት ሚስቴ ሁለት ቀን እራት አልበላም ብላለች። ቀኑ ተቆርጦ፣ ኬኩ ታዝዞ፣ ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊል ይመጣል። ሐምራዊትን «ለመሆኑ እምቢ ቢሏቸውስ?» ብዬ ሳሾፍባት «ጋሼ፣ ስቶፕ! ዲፖዚቱ አይመለስም እኮ» ነበር ያለችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ናት፤ ጨዋታ ታውቃለች። አራት ዓመቷ ላይ ከፋናዬና ከታደገ ጋር አሜሪካ ገባች፤ አማርኛዋ እንደ ኤልፍነሽ አነጋገር ለስለስ ያለ ነው፤ ይህም ሌላው ማስረጃ ነው፤ ግን ኤልፍነሽ የመጣችው ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ስለሆነ ይህን ማስረጃ ፍርድ ቤት አይቀበለኝም።

ወደ ቀትር ገደማ ሱፌን ለብሼ ከረባቴ ጋር ስታገል የጋራዤ በር ተንኳኳ። ኤልፍነሽ ናት። ፀጉሯ ላይ ሻሽ አስራለች፣ እጇ ሽንኩርት ይሸታል። «ጋሽ ብርሃኑ፣ ጠዋት በረንዳው ላይ እንደነበሩ አውቃለሁ» አለችኝ። «ሲጋራ ትተዋል አይደል፤ ሻይ ሲጠጡ ግን ያስላሉ። ስለዚህ ሰምተዋል።» ምን ልበል? ሰምቻለሁ አልኳት። አላፈረችም፤ እንደውም ከእጇ ከባድ ዕቃ ያስቀመጠች መሰለች። «እንግዲያው ነገሩ ቀለለኝ። አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። ሰባት ቤት ይቆጠር ይበሉ።»

ልጅቷን ሲጠይቁ የሁለቱም ወገን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት እንዲቆጠር፣ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ፣ የድሮ ወግ ነው። ጋሽ ታደገ ግን ይህ እንዲዘለል አስቀድመው ወስነዋል፤ በጌታ ሁላችንም አንድ ቤት ነን፣ ጊዜ አናባክን ብለዋል። አሁን ሲገባኝ ምክንያታቸው ጊዜ አልነበረም። ያልወለዱትን ልጅ በገዛ ዘራቸው መቁጠር ሽማግሌ ፊት ቆመው መዋሸት ነውና ፈርተው ነው። ለኤልፍነሽ «ለምን?» አልኳት። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለችና ሽርጧን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «የልጅቷ አባት የጊምቢ ልጅ ነበር። ትናንት ማታ ሐምራዊት ስታወራ ሰማሁ፤ የኤልቃናም አባት ከጊምቢ ነው። የአባቱ ስም ቶሎሳ ነው፤ ቶሎሳ ማን አልኳት፤ ‹ኤልፊ፣ አይ ዶንት ኖው፣ ማን ግድ አለው› አለችኝ። አያቱን አታውቅም። እኔም ሌላ ሰው ልጠይቅ አልችልም፤ ለምን ትጠይቂያለሽ ይሉኛል። እትዬም አትረዳኝም፤ እሷም ስሙን አታውቅም። ያኔ ማነው ሲሉኝ አልተናገርኩም። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ለኔ ትነግሪኛለሽ?» አልኳት። መሬት መሬት አየች። «መርጋ» አለች። «መርጋ ዲንሳ ኩምሳ። እስከዚያ ብቻ ነው የማውቀው።» «ድምፅ አውጥቼ ስጠራው ከዚያ ወዲህ ዛሬ መጀመሪያዬ ነው» አለችኝ። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ እሷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ማርገዟን ስትነግረው ቤተሰቤ ጋ ሄጄ ሽማግሌ አስልካለሁ ብሎ በሰማንያ ሦስት ሚያዝያ ላይ ወደ ጊምቢ ተሳፈረ፤ አልተመለሰም። ይህንን ሁሉ የነገረችኝ ወጡን ለማማሰል እንደምትቸኩል ሰው ነው። «ስሞቹ ከተገናኙ እናገራለሁ» አለች። «የአጎቷን ልጅ ልታገባ ዝም አልልም። ካልተገናኙ ደግሞ…» አልጨረሰችውም። ምልክት ተስማማን፤ ቆጠራው ሲጀመር እኔ ውኃ ጠማኝ እላለሁ፤ እሷ ውኃውን ይዛ ትገባለች፤ ውኃ ያመጣችን ሴት ሂጂ የሚላት የለም።

ሽማግሌዎቹ የፍሪዌዩ መጨናነቅ አዘግይቷቸው ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ገብረሕይወት፣ ድሮ ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ አሁንም ማንንም ሲያዩ ዘግይቶ የመጣ ተማሪ እንዳዩ የሚያዩ ናቸው። ሁለተኛው ዲኬተር አጠገብ የጎማ መሸጫ ያለው ኃይሉ ነው፤ ሦስተኛው ለማሟያ የመጣ ይመስለኛል፤ ሁለት ጊዜ አሜን ሲል ብቻ ነው ድምፁን የሰማሁት። በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም አሉ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጋሽ ታደገ አዲሱን የሳሎን ሶፋ፣ ገና ላስቲኩ ያልተነሣለትን፣ በእጃቸው ያሳያሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይቆማሉ፤ እኔም እጅጌው ያጠረ ሱፌን ወደ ታች እየሳብኩ እቆማለሁ። ሐምራዊት ፎቅ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ደረጃው ጫፍ ሆና ትስቃለች። ኩሽናው ክፍት ነው፤ እንደ አሜሪካ ቤት ሁሉ ከሳሎኑ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ነው ምድጃውም ወጡም ኤልፍነሽም ጋራዥ የተደረጉት፤ ሽታው ሶፋው ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ነው፤ ቢያንስ የሚባለው እንደዚያ ነው።

ጋሽ ገብረሕይወት ብዙ ቆንጆ ነገር ተናገሩ። ስለ ይስሐቅና ርብቃ ተናገሩ፣ ስለ ጉድጓዱና ስለ ግመሎቹ ተናገሩ፤ ግመሎቹ እስኪጠጡ ድረስ እኔም እውነት ጠማኝ። በመጨረሻ፣ «ልጃችሁን ሐምራዊት ታደገን ለልጃችን ለኤልቃና ቶሎሳ እንድትሰጡን» አሉ። ጋሽ ታደገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ፋናዬ ነጠላዋን አስተካከለች። እሺ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ቀደምኳቸው። «ይቅርታ» አልኩ፤ «እኔ የእናትየው ወገን ነኝ። በእኛ ቤት ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አትሰጥም።» ጋሽ ታደገ ወደኔ ሲዞሩ አንገታቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። «ብርሃኑ፣ እሱ የድሮ ነገር ነው፤ በክርስቶስ…» «ልክ ናቸው!» አሉ ጋሽ ገብረሕይወት፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር በኋላ ገና አሁን ደስ ያላቸው መሰሉ። «አጎት እንዲህ ነው! እዚህ አገር ይህንን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነው ልጆቻችን የማን ዘር መሆናቸውን የማያውቁት። ይቆጠር!» ፋናዬ አየችኝ። አስተያየቷን ዛሬም ሳስታውሰው ከሱፌ ውስጥ ይበርደኛል።

ግን አንድ ነገር ማናችንም አላሰብንም ነበር፤ ከሦስቱ ሽማግሌዎች የልጁን አያት ስም የሚያውቅ አንድም የለም። ጋሽ ገብረሕይወት የትግራይ ሰው ናቸው፣ ኃይሉ የጎንደር፣ ሦስተኛው የት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሁሉም ከቶሎሳ ጋር የተዋወቁት አትላንታ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ነው። ኃይሉ እንደ ጎማ ነጋዴ መፍትሔ አያጣም፤ ስልኩን አወጣና፣ «አባቱን እንደውላለን፤ ራሱ ይቁጠር» አለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስፕራይቱና ከዳቦው መሃል ተቀመጠ፤ ድምፁ ተለቀቀ። ቶሎሳ መኪና እየነዳ ነበር፤ በቀለበት መንገዱ በኩል ወደ ዲኬተር፣ መልሱን ሰምቶ ዘመድ ወደሚሰበሰብበት ምግብ ቤት። «ሰባት ቤት?» አለ፤ ሳቀ፤ ደስ አለው። «እኔ እኮ እስከ አሥራ አንድ እቆጥራለሁ! ወለጋ ልጅ ሳይቆጥር አያድግም።» እኔ «ውኃ ጠማኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ፎቅ ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ሰምተው ሳቁ።

ኤልፍነሽ ወደ ጋራዥ በሚወስደው በር ገባች። ሻሿን አውልቃለች። በትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛለች። ቶሎሳ እየቆጠረ ነበር። «ኤልቃና ቶሎሳ። ቶሎሳ ጉተማ። ጉተማ…» መኪናው ውስጥ ያለችው የመንገድ ጠቋሚ ሴትዮ ስለ ቀጣዩ መውጫ በእንግሊዝኛ አንዳች ነገር አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ኃይሉ መልሶ ደወለ። ሲደወል፣ ሲደወል፣ ኤልፍነሽ ትሪውን ይዛ ከግድግዳው ጋር ተጠጋች፤ ማንም አላያትም፤ ፋናዬ ብቻ አየቻት፣ በዓይኗም ተመለሺ አለቻት። አልተመለሰችም። ስልኩ ተነሣ። «የት ደረስኩ? ጉተማ። ጉተማ ኩምሳ…»

ብርጭቆው ትሪው ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። ኩምሳ። ጋራዤ ውስጥ የሰማሁት ስም ነው። «አንድ ጊዜ ይቅርታ» አለች ኤልፍነሽ። ሁሉም ዞረ። ጋሽ ገብረሕይወት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። እሷ ግን የምታናግረው ስልኩን ነበር። «ይቅርታ ጋሽ ቶሎሳ፤ አባትዎ ጉተማ ወንድም ነበራቸው? ዲንሳ የሚባል?» ስልኩ ውስጥ የመኪና ጩኸት ብቻ ተሰማ። ፋናዬ የሶፋውን ላስቲክ በጥፍሯ ይዛዋለች። ደረጃው ላይ ሳቁ ቆሟል። እኔ ውኃ ጠማኝ ያልኩት ሰውዬ በዚያች ደቂቃ በእውነት ምራቄ ደርቆ ነበር፤ ምክንያቱም ከቶሎሳ አፍ አንድ «አዎ» ከወጣች፣ ሠርጉም፣ አዳራሹም፣ ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ ሃያ አምስት ዓመት እናቴ ያለቻት ሴትም፣ ሁሉም እዚያ ወለል ላይ ሊፈስ ነው።

«ወንድም? የለውም» አለ ቶሎሳ። «አባቴ ለኩምሳ አንድ ወንድ ነው፤ ሌሎቹ አምስቱ ሴቶች ናቸው። ዲንሳ ኩምሳ የምትይው የታች ሰፈሩን ይሆናል። የሱ ኩምሳ ሌላ ነው፤ እነሱ ከመንዲ በኩል የመጡ ናቸው፤ በዘር አንገናኝም። ጎረቤቶቻችን ነበሩ ግን። ውይ፣ ዲንሳን ከየት አመጣሻቸው! ምስኪን ሰው ነበሩ። ልጃቸውን መርጋን ታውቂዋለሽ? አኮርዲዮን የሚጫወተውን? በዚያ በሰማንያ ሦስቱ ግርግር ነው የሞተባቸው። አዲስ አበባ የምወዳት ልጅ አለች ሽማግሌ ላኩልኝ ብሎ መጥቶ፣ አባቱም እሺ ብሎት፣ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሲመለስ፣ መኪና ጠፍቶ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ባኮን ሳያልፉ ተገለበጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የእናቴ አጎት ነበር። ልጅቱን እንኳ ፈልገን እንዳንነግራት ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ለመሆኑ ማነሽ? ታውቂው ነበር እንዴ?»

በአራት ደቂቃ መንገድ ውስጥ፣ የመኪናውን ጠቋሚ እየሰማ፣ ሰውዬው የነገራት ይህንን ነው። ኤልፍነሽ ትሪውን ይዛ ቆማለች። ፋናዬን አየቻት፤ ፋናዬ ፊቷ አመድ መስሏል፤ አየቻትና ዓይኗን ወደ ደረጃው አነሣች፤ እዚያ ሐምራዊት በሐምራዊ ቀሚሷ፣ በባዶ እግሯ፣ አንገቷን አስግጋ ቆማለች። «የመዘምራን ጓደኛችን ነበር» አለች ኤልፍነሽ። «እኔ የሐምራዊት አክስት ነኝ።» ያንን ቃል ሁላችንም ስንላት ኖረናል፤ ፋናዬ ትላለች፣ ልጅቷ ትላለች፣ እኔም ለፖስታ አመላላሹ ብዬለታለሁ። ከራሷ አፍ ሲወጣ ስሰማው ያኔ መጀመሪያዬ ነው። ብርጭቆውን ፊቴ አስቀመጠችልኝ። የውኃው ግማሽ ትሪው ላይ ፈስሶ ነበር።

የቀረው ወግ ወጉን ጠበቀ። ቶሎሳ እስከ አሥራ አንድ ቆጠረ፤ ያስቸገረው እሱን ማስቆም ነበር። ጋሽ ታደገ የራሳቸውን ሰባት ሲቆጥሩ ድምፃቸው ከስልኩ ቀጥሎ ትንሽ ሆነ፤ ላብ ከጆሯቸው ሥር ይወርዳል፤ እኔ አሳዘኑኝ፤ አሁን ሳስበው ልጅ ማሳደግ የአባትነት ቆጠራ ባይሆንም በልጅቷ ትምህርት ቤት ሁሉ ስብሰባ የሄዱት እሳቸው ናቸው። በእናት በኩል ሲባል ፋናዬ አባቷን፣ አያቷን ቆጠረች። እሱ እንኳ ውሸት አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ እኅትማማቾች ናቸውና ከመጀመሪያዋ ስም በቀር ሁሉም ስም እውነት ነበር። ከዚያ እሺ ተባለ፣ እልል ተባለ፣ ሽማግሌዎቹ ቁጭ አሉና ላስቲኩ ጮኸ። ሐምራዊት ወረደች፤ የታደገን ጉልበት ሳመች፣ የፋናዬን ሳመች፤ ፋናዬ ስትመርቃት ድምፅ አልወጣላትም፤ ሰዉ ሁሉ የደስታ ነው አለ። ከዚያ ወደኔ መጣች፤ አጎት ነኝ እኮ። ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ያዝኳት። «የኔ ጉልበት ሪህ አለበት፤ ዛሬ አይሳምም» አልኳት በጆሮዋ። «አክስትሽ ጋራዥ አለች፤ ድርሻዬን ለሷ ስጪልኝ።»

ሄደች። እኔም ወንበር አመጣለሁ ብዬ ተከተልኩ፤ አዎ፣ ወሬ ለቃሚ በሉኝ፤ ተቀብያለሁ። ጋራዡ ውስጥ የጋዙ እሳት ጠፍቷል። ኤልፍነሽ ለሐምራዊት ጓደኞች የሚሄደውን ወጥ በአልሙኒየም ሳህን እየሞላች ትሸፍናለች፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትጫናለች። «ኤልፊ!» አለቻት ልጅቷ። «ያ ሁሉ ምን ነበር? ላይክ፣ ልቤ ቆሞ ነበር! ዲንሳ ማነው?» «የድሮ ሰው ነው፣ የኔ ቆንጆ።» «አልቅሰሻል እንዴ?» «ሽንኩርት ነው።» ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ተከትፎ ያለቀ ነው። ሐምራዊት ወለሉን አየች፤ ሲሚንቶው ዘይት ነክቶታል፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና ተንበረከከች፤ ከዚያ ሽርጡ ላይ፣ ጉልበቷን ሳመች። ኤልፍነሽ እጆቿን በፎጣ ልትጠርግ ፈልጋ ፎጣውን አጣችው። እርጥብ እጇን ከልጅቷ ፀጉር ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ሳትነካት፣ ለዕለቱ የተሠራ ነውና፣ እንዲሁ አየር ላይ ያዘችው። «ከቤትሽ የወጣ ሁሉ ይመለስልሽ» አለቻት። «አሜን» አለች ልጅቷ። «ይሄ ምርቃት ነው? አላውቀውም።» «የኛ ቤት ምርቃት ነው» አለቻት። ሐምራዊት ጉንጯን ስማት ሁለት ሳህን ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ ወደ ሳቁ ተመለሰች።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ሰዉ ወደ ዲኬተር መነሣት ሲጀምር ፋናዬ ወደ ጋራዡ መጣች። እኔ ወንበሮቹን እያጠፍኩ ነበር፤ እንዳላየችኝ ሆነች፤ ወይም እንዳየሁ አልቆጠረችውም። እኅትማማቾቹ ከምድጃው በግራና በቀኝ ቆሙ። «እሱ ነበር?» አለች ፋናዬ። «እሱ ነበር።» «ሽማግሌ ይዞ እየመጣ ነበር እንዴ?» «ብዬሽ ነበር፣ እትዬ። ይመጣል ብያችሁ ነበር።» ያኔ ኤልፍነሽን፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ወንበዴ አታለላት ብለው፣ አፏን አዘግተው፣ ልጇን ከጉያዋ የወሰዱት ፋናዬና እናታቸው ናቸው። እጇን ዘርግታ ሽርጡን ከኤልፍነሽ ወገብ ፈታች፤ እራሷ ታጠቀችው፤ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ ድስቱን መፈግፈግ ጀመረች። «ሂጂ፣ ልበሺ። ከኛ ጋር ዲኬተር ትሄጃለሽ» አለቻት ጀርባዋን ሰጥታ። «የማታ ፈረቃ አለኝ» አለች ኤልፍነሽ። ፈረቃ እንደሌላት ሁለቱም የሚያውቁ ይመስለኛል። ፋናዬ ድስቱን አጥብቃ ፈገፈገች።

የኤልፍነሽን መኪና የሽማግሌዎቹና የልጆቹ መኪኖች ዘግተውባት ነበር፤ የመጨረሻው የኔ ሆነ፤ አንስቼ መንገድ ሰጠኋት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሐምራዊት መኪና አሁንም እዚያው ቆሟል፤ ከኤልቃና ጋር ነው የሄደችው። ኤልፍነሽ በአጠገቡ ስታልፍ ጎንበስ ብላ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ከዚያ የኋላውን። ደህና ነው መሰለኝ ራሷን ነቀነቀች። የመኪናዋን መስኮት አውርዳ፣ «ጋሽ ብርሃኑ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። ምን ልላት እንደምችል ሳስብ እሷ ቀደመችኝ። «ስሞቹ ባለመገናኘታቸው ደስ ብሎኛል። በእውነት ደስ ብሎኛል። ግን ጋሼ፣ ቢገናኙ ኖሮ እኮ እናቷ ነኝ የምለው ያኔ ነበር።» መሪውን ይዛ ፊት ለፊት ታያለች። «አክስቷ ነኝ ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም አይደል?»

«አልተንቀጠቀጠም» አልኳት። አልዋሸኋትም፤ የተንቀጠቀጠው ብርጭቆው ነው። መስኮቱን ዘጋችና በሠፈራችን ጠባብ መንገድ ቀስ ብላ ወጣች፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ፣ የሚመጣ መኪና ሳይኖር፣ ቆማ ብዙ ቆየች፤ ከኋላዋም የሚያጮህባት ሰው አልነበረም።